የሰባት ጀልባዎች ድርድር

ማክሰኞ ማታ፤ ፔኒሽ፤ የወደቡ ቤተ መጻሕፍት ፎቅ፤
ንፋሱ መስኮት ሲገፋ፣ ጨው መስታወቱን ሲፍቅ፤
አራት ተማሪዎች ነን፤ ከሁላችን የሚያንሰው መምህሩ፣
ቴልሞ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ ባሕርን የሚያውቅ ከዳሩ።

ኢዳሊና ከጎኔ አለች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በዓሣ ጨረታው ሚዛን ሥር ያረጀች፣
የሰርዲን ሣጥን ገና ከሩቅ አይታ ኪሎውን ጠርታ ያልሳተች፤
ዛሬ በሁለት ጣቶቿ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም፣
ፊደል ትለቅማለች።

«ድርድር ይባላል» አለ ቴልሞ፤ «ሣጥን ከሣጥን አጠገብ፣
እያንዳንዱ በቁጥሩ የሚጠራ፣ በተራው የሚነበብ፤
ቆጠራው ግን ከዜሮ ነው።»
«ከዜሮ? የመጀመሪያዋ ጀልባ ታዲያ ወዴት ሄደች?»
«የትም፤ ዜሮ ላይ ቆማለች።»
መነጽሯን አወለቀች፣ በሹራቧ ጫፍ ጠረገች፤
«ሚዛንም ሣጥን ሳይጭኑበት ዜሮ ነው፤ እሺ» አለች።

የሰባቱንም ስም ጻፈች፣ በጥቅስ ምልክት አስራ፤
ሳንታ ኢሪያ፣ ጋይቮታ፣ ዶይስ ኢርማኦስ፣ ቦአ ኦራ
(መልካሟ ሰዓት ማለት ነው)፣ ሌሎቹም በየተራ።
ቀጥሎ ያለፈው ጥቅምት ክብደት። ለቦአ ኦራ፦ 1.250።
ስክሪኑ ጥቂት ቆየ፤ መለሰ፦ አንድ ኪሎ ከሩብ።

«ምን ጉድ ነው!» ከወንበሯ ተነሣች፤
«ሺ ሁለት መቶ ኀምሳ! በዚህ እጄ መዝኜዋለሁ!
ጀልባዋ ጎብጣ ነበር የገባች!
አንድ ኪሎ ከሩብ የድመት ራት ነው!»
ቴልሞ ፊቱ ቀላ። «እኛ ለሺው ነጥብ፣
ለሽርፍራፊው ኮማ እናደርጋለን፤ ማሽኑ ግልባጩን ነው የሚያነብ።
አላታለለሽም፤ ቋንቋሽ ነው ያልገባው።»
«ያልገባው ሰው ይጠይቃል» አለች። ነጥቡን አጠፋችው።

ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድር ብትለው ደግሞ
ሺ ሁለት መቶ ኀምሳውን ከዘጠኝ መቶው ፊት አቆመ፤
እንደ ቃል ነው ያነበበው፣ የፊቷን አንዲት አሃዝ ብቻ፤
ባርኔጣ አይቶ እንደሚፈርድ ዳኛ።

አሥር ሳንቲም ከሃያ ሳንቲም ደመረች፤
ዜሮ ነጥብ ሦስት አላት፤ ከዚያ ረጅም የዜሮ ሰልፍ፤
ከሰልፉ ጅራት አንዲት አራት።
«ይህቺ አራት የማን ናት?»
«የማንም፤ ሁለት አሃዝ ብቻ አሳይ በዪው፣ ትሰወራለች።»
«ትሰወራለች እንጂ አትጠፋም» አለች ኢዳሊና፤
ጨረታ ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቃል።

ሊመሽብን ሲል ቴልሞ ዝርዝሩን አየ። «ቦአ ኦራ አሁን የለችም፣
ከኅዳር ወዲህ ዓሣ አላስገባችም፤
እናውጣት። መንገዱ ሁለት ነው፤
አንዱ ቆርጦ ይጥላል፤ ከኋላ ያሉት ተጠግተው ቦታዋን ይሞላሉ፣
ሰባት የነበሩት ስድስት ይባላሉ።
ሌላው ስሟን ብቻ ያጠፋል፤ ቦታዋ ክፍት ይቀራል፣
ድርድሩ ሰባት እንደሆነ ይቆጠራል።
ይህን አትጠቀሙ፤ የጀማሪ ስሕተት ይሉታል።»

ክፍሉ ዝም አለ። ማሞቂያው ብቻ ጠቅ፣ ጠቅ።
ቦአ ኦራ ላይ መረብ የሚጎትተው የእኔ ልጅ ነበር።
ቴልሞ አያውቅም። ከሊሪያ ነው የመጣው።

ኢዳሊና ወደ እኔ አልዞረችም።
ሁለት ጣቷን ዘርግታ፣ ፊደል በፊደል፣
የጀማሪውን ስሕተት ጻፈች።
ርዝመቱን ጠየቀችው፤ ሰባት አላት።
ቴልሞ ሊያርማት አፉን ከፈተ፤
አየችው። ዘጋው።

ከባሕር ጋር ድርድር የለም፣ ይላሉ የእኛ ሰዎች፤
ይኸው ግን አለ፤ ከዜሮ እስከ ስድስት፣ በጣት የተጻፈ።

ረቡዕ ንጋት ላይ፣ ጨረታው ሳይከፈት፣
አዳራሹ ስክሪን ሥር ቆምኩ፣ ጫማዬ ከነእርጥበቱ።
ጋይቮታ፤ ዶይስ ኢርማኦስ፤
ከዚያ አንድ ባዶ መስመር፣
ነጥብም ኮማም የሌለበት፤
ከዚያ ቀጣይዋ ጀልባ፣ ቦታዋን ሳትለቅ።